አጥንት የሚያበቅል ብረት

(ዲላ። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለች ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። አርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሀጅራ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ የቤቱ ባለቤትም ጸሐፊም እሷው ናት። ሽመክት የማስተርስ ተማሪ ነው፤ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ ከጀርባዋ ይንጎራደዳል።)

ሀጅራ፦ (አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ፣ የሽመክትን አማካሪ የዶክተር ተክለብርሃንን ድምፅ እየቀዳች) «እእእ... ልጅ ሽመክት! እእእ... ይኼ ኅዳግ ሰፍቷል። ኅዳጉ የሰፋ ሰው፣ እእእ... ሐሳቡ ጠቧል።» እንዲህ ሲሉህ ምን ልትላቸው ነው?

ሽመክት፦ ዶክተር እንደዚያ አይናገሩም!

ሀጅራ፦ «እእእ»ውን ቀነስኩላቸው እንጂ አልጨመርኩም። ባለፈው አንድ ገጽ ሊያሳትሙ መጥተው፣ «እእእ» ብለው እስኪጨርሱ ወረፋው አስፋልት ወጣ።

ሽመክት፦ ኅዳጉን አጥብቢው አልኩሽ እንጂ ድራማ ሥሪ አልኩሽ?

ሀጅራ፦ ጠዋት አስፊው አልክ። ከምሳ በፊት አጥብቢው አልክ። ከምሳ በኋላ «መሃል ላይ አድርጊው» አልክ። ወንድሜ፣ ይኼ ወረቀት ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ አይደለም።

ሽመክት፦ ሦስት ሰዓት ነው የቀረኝ፣ ገባሽ? አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው ይዘጋል። ዛሬ ይኼን መመረቂያ ጽሑፍ ካላስገባሁ ዘንድሮ አልመረቅም። አንድ ዓመት ሙሉ!

ሀጅራ፦ ገብቶኛል። ከጠዋት ጀምሮ አስራ ሰባት ጊዜ ነግረኸኛል። መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ የመጣች እናት እንኳ «እግዜር ይሁንህ ልጄ» ብላህ፣ መታወቂያዋን ረስታ ነው የሄደችው።

ሽመክት፦ እንግዲያው ጻፊ! እንግሊዝኛው አልቋል። የቀረው የአማርኛ ማጠቃለያ ነው። ለምርምሩ ገንዘብ የሰጠኝ ቢሮ «ገበሬውም ነጋዴውም አንብቦ የሚገባው ሁለት ገጽ ካልተያያዘ አንቀበልም» ብሏል።

ሀጅራ፦ ነጋዴዋ እኔ ነኝ። በል ንገረኝ።

ሽመክት፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) «ይህ ጥናት በባዮሜዲካል ኢምፕላንት ሰርፌስ ላይ የሚከሰተውን የሚኒራላይዜሽን ፕሮሰስ በስካኒንግ ኤሌክትሮን...»

ሀጅራ፦ ነጋዴዋ ሞተች። ገበሬውም ተኝቷል፤ ቀስ በል፣ እንዳትቀሰቅሰው።

ሽመክት፦ ምኑ ነው ያልገባሽ?

ሀጅራ፦ «የሚከሰተውን» ገብቶኛል። የቀረውን አማርኛ አልብሰው።

ሽመክት፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) አንቺን ማስረዳት ግድግዳ ማስተማር ነው። ይሁን፣ ልሞክር። ሰው እግሩ ሲሰበር ሐኪም አጥንቱ ውስጥ ብረት የሚያስገባለት ጊዜ የለም?

ሀጅራ፦ ኧረ አለ! ሹፌሩ ወልደዮሐንስ፣ ፍስሐ ገነት ከተማ መታጠፊያው ላይ ተገልብጦ ጭኑ ውስጥ ብረት ገባለት። አሁን ዝናብ ሊመጣ ሲል ብረቱ ቀድሞ ይነግረዋል። ሚስቱ ልብስ የምታሰጣው ጭኑን ጠይቃ ነው። እሱ የት እንደሚያመሽ ግን ብረቱ ትንፍሽ አይልም። ቢልማ ኖሮ...

ሽመክት፦ እሱ ሐሜት ነው! እኔ ሳይንስ ነው የማወራሽ!

ሀጅራ፦ ሐሜት ማለት አማካሪ ያልፈረመበት ምርምር ነው። ቀጥል።

ሽመክት፦ ያ ብረት ከአጥንቱ ጋር ተዋዶ እንዲኖር፣ ላዩ ላይ አጥንትን የሚያጠነክረው ማዕድን መብቀል አለበት። ካልሲየምና ፎስፎረስ። እኔ ያጠናሁት እሱ እንዴት እንደሚበቅል ነው።

ሀጅራ፦ እና ወልደዮሐንስን ከፍተህ አየኸው?

ሽመክት፦ ሰው ላይ አይደለም! ቲታኒየም የሚባል ብረት አለ። ሳንቲም የምታህል፣ አራት ፍሬ። ደም በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው።

ሀጅራ፦ የማን ደም?

ሽመክት፦ የማንም! ውሃ ነው። በሰው ደም ውስጥ ያሉት ጨዎችና ማዕድኖች በልካቸው የተበጠበጡበት ውሃ።

ሀጅራ፦ ቀይ ነው?

ሽመክት፦ አይደለም። ጥርት ያለ ነው።

ሀጅራ፦ ይረጋል?

ሽመክት፦ አይረጋም።

ሀጅራ፦ ቀይም አይደለም፣ አይረጋምም፣ ግን ደም ይመስላል። በዚህ ዓይነትማ እኔም ሚኒስትር እመስላለሁ።

ሽመክት፦ በባሕርዩ ነው የሚመስለው! ሃያ ስምንት ቀን፣ በሰው ገላ ሙቀት አቆየኋቸው። በየሁለት ቀኑ ፈሳሹን እቀይራለሁ። ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ፣ በዓል የለ።

ሀጅራ፦ ከእጮኛህ ከፍሬ ጋር የተጣላህበት ወር ነው አይደል?

ሽመክት፦ ስለ ፍሬ ማን ነገረሽ?

ሀጅራ፦ ራሷ። (ድምፅዋን አቅጥና፣ ፍሬን እየቀዳች) «ሀጅሬ፣ እኔን በወር አንዴ አያየኝም፤ ለአራት ሳንቲም በየሁለት ቀኑ ውሃ ይቀይራል።» አልፈረድኩባትም። አራስ እንኳ እንደዚህ አትጠበቅም።

ሽመክት፦ ሥራው ላይ እንሁን! ከዚያ አዲስ አበባ ወስጄ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ አስነሳኋቸው።

ሀጅራ፦ እዚያ ድረስ ለምን? ማይክሮስኮፕማ እዚህም ክሊኒኩ ሁሉ ጋ አለ። ሰገራ ያዩበታል።

ሽመክት፦ (ከት ብሎ እየሳቀ) ክሊኒክ! ያ በብርሃን ነው የሚያየው። ይኼ በኤሌክትሮን ጨረር ነው። ከፀጉርሽ አንዷን ዘለላ ብትሰጪው እንደ ዛፍ ግንድ ቅርፊቷን ቆጥሮ ያሳይሻል።

ሀጅራ፦ የጎረቤቴ የአሰፋች ዓይን ነዋ። እሷ እንዲያውም መብራት ቢጠፋም ትሠራለች።

ሽመክት፦ አራት ወር ወረፋ ጠብቄ የተሰጠኝ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ብቻ! ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደግሞ በስሱ ወርቅ ይቀባል።

ሀጅራ፦ (ከወንበሯ ብድግ ብላ) ወርቅ? ወርቅ ነው ያልከው?

ሽመክት፦ ፎቶው ጥርት ብሎ እንዲወጣ ነው።

ሀጅራ፦ የሻኪሶ ነው?

ሽመክት፦ የየትስ ቢሆን ምን ያደርግልሻል!

ሀጅራ፦ መለሱልህ?

ሽመክት፦ ከፀጉር ሺህ ጊዜ የሳሳ ነው ሀጅራ!

ሀጅራ፦ ይሳሳ። ወርቅ ወርቅ ነው። እናቴ ለጥርሷ እንኳ ያላገኘችውን ላንተ ሳንቲም ቀቡለት። (ተመልሳ እየተቀመጠች) በል፣ ወርቅ ተቀብቶ ምን አየህ?

ሽመክት፦ (ከቦርሳው ሦስት ፎቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋ) ይኸውልሽ! በዓይንሽ እዪ! ከዚህ በኋላ ሽመክትን ታውቂው ነበር ወይ ብለው ይጠይቁሻል።

ሀጅራ፦ (አጎንብሳ) ስኳር ነው?

ሽመክት፦ ስኳር! ሃ! ስኳር አለች! ሰማይ ቢያሳዩዋት «ቆርቆሮው ስንት ቁጥር ነው» ትላለች።

ሀጅራ፦ ኩብ ኩብ ነዋ። ጎን ለጎን የተደረደረ። ማዕዘኑ በቢላ የተቆረጠ ነው የሚመስለው።

ሽመክት፦ የአጥንት ማዕድን ነው! ተፈጥሮ በማስመሪያ ስትሠራ አየሽ? ሦስቱም ብረቶች ላይ እንደዚሁ ነው። ጻፊ፦ «በብረቱ ላይ የአጥንት ማዕድን በኩብ ቅርፅ በቅሎ ተገኝቷል።»

ሀጅራ፦ (ጣቷን ከኪቦርዱ አንስታ) ቆይ። የኤልቤቴል ታዲያ ለምን አበባ ጎመን መሰለ?

ሽመክት፦ የማን?

ሀጅራ፦ የኤልቤቴል። የዛሬ ሦስት ዓመት የእሷንም መመረቂያ የተየብኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ ፎቶ ግን ፎቶ ነው። የሷም ቲታኒየም፣ የሷም ደም የማይመስል ደም። ትንንሽ ድቡልቡል ነገር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆላልፎ። ሥሩ የጻፈችው ቃል ስላልገባኝ ጠየቅኋት። «አበባ ጎመን የሚመስል ማለት ነው ሀጅሬ፤ የአጥንት ማዕድን ሲበቅል እንደዚህ ነው» አለችኝ።

ሽመክት፦ የሷ የሷ ነው። የኔ አዲስ ግኝት ነው! ኩብ የሆነ የአጥንት ማዕድን እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ማንም አላገኘም!

ሀጅራ፦ ለምን ይመስልሃል?

ሽመክት፦ እንደኔ የተጠነቀቀ ስለሌለ!

ሀጅራ፦ ዶክተር ተክለብርሃን ይኼን አይተው ምን አሉ?

ሽመክት፦ ዶክተር ሥራ ይበዛባቸዋል። «ኅዳጉን አስተካክል» ብለው ፈርመዋል።

ሀጅራ፦ አይ ዓይን! (ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ይዛ) አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ። ብረቶቹን ከፈሳሹ ስታወጣ አጥበሃቸዋል?

ሽመክት፦ (ደንግጦ) ማጠብ? ሃያ ስምንት ቀን ያበቀልኩትን አጥቤ ልድፋው?

ሀጅራ፦ ሳታጥብ አደረቅኻቸው።

ሽመክት፦ ጠብታ ሳላስነካ! በወረንጦ አንስቼ፣ እስትንፋሴን ይዤ!

ሀጅራ፦ እኔ ትምህርት አቋርጬ ሦስት ዓመት አሪቻ፣ ቡና ማጠቢያው ጣቢያ ቡና አጥቤአለሁ። እሸቱ ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይሰነብታል፣ ዝልግልጉን እንደያዘ ይወጣል። ከዚያ በቦዩ ታጥቦ ታጥቦ ነው ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚሰጣው። ሳታጥብ ካሰጣኸው የሚደርቀው ዝልግልጉ ነው፤ ቡናውን አታየውም። እኛ ልጆች ሆነን «ፍሬውን ውሃ ይወስደዋል» ብለን ስንፈራ፣ ተቆጣጣሪያችን ምን ይለን ነበር መሰለህ? (ድምፅዋን አጎርንና) «የራሱ የሆነውን ውሃ አይወስድበትም። ውሃ የወሰደው የራሱ አልነበረም።»

ሽመክት፦ (እያጨበጨበ) ብራቮ! ቲታኒየም ቡና ሆነልኝ! እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪውን ዘግቶ ቦይ ይቆፍር። አንቺስ ያው እንደ ገመቹ ነሽ!

ሀጅራ፦ የትኛው ገመቹ? የላብራቶሪው ጽዳት ሠራተኛ? ባለፈው ሳምንት የክስ ደብዳቤ ያስተየብክበት?

ሽመክት፦ እሱው! አራተኛዋን ብረት ያበላሸብኝ! ሦስቱን አድርቄ፣ እሷን ከፈሳሹ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ምሳ ሄድኩ። ስመለስ በተጣራው ውሃ አለቅልቆ፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ አስጥቶ ይጠብቀኛል። እየሳቀ! ደግሞ ምስጋና ይጠብቃል!

ሀጅራ፦ (ገመቹን እየቀዳች፣ በትሕትና አንገቷን ሰበር አድርጋ) «አይ ጌታዬ፣ እኔ ሬኮ ቡና ማጠቢያ ስድስት ዓመት ሠርቶ ነው የመጣ። ከውሃ የወጣች ነገር ታጥቦ ነው የምትሰጣ። እርስዎ ቸኩለው ረስተው ነው ብዬ።»

ሽመክት፦ ቃል በቃል! እዚያ ነበርሽ እንዴ?

ሀጅራ፦ ሚስቱ ሙሉነሽ ነገረችኝ፤ አንተ የመለስክለትን ግን እዚህ መድገም ይከብደኛል። ደብዳቤው የታለ?

ሽመክት፦ ቦርሳዬ ውስጥ። ዛሬ ከመመረቂያው ጋር አብሬ ነው የማስገባው። «የምርምር ንብረት ያወደመ ሠራተኛ» ይላል። ማስረጃም አለኝ! የወደመችውን አራተኛ ብረት አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ ፎቶ አስነስቻታለሁ።

ሀጅራ፦ ታዲያ ፎቶዋን ለምን አላሳየኸኝም?

ሽመክት፦ ለምርምሩ ምን ያደርጋል? ፍላሹ ላይ አለች፤ «የወደመ» የሚል ፎልደር ውስጥ። ክፈቺውና ጥፋቱን እዪ፤ አንድ ኩብ የለም! ሙልጭ አድርጎ አጥቦታል!

(ሀጅራ ፍላሹን ሰክታ ትከፍታለች። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይመጣል። ወደ ስክሪኑ ትጠጋለች።)

ሽመክት፦ አየሽ አይደል? ተናገሪ እንጂ!

ሀጅራ፦ ሱብሃነላህ። አበባ ጎመን።

ሽመክት፦ ምን?

ሀጅራ፦ ድቡልቡል በድቡልቡል ላይ። የኤልቤቴል ፎቶ ወንድም ነው። ሽመክት፣ በገመቹ ላይ ማስረጃ አስነሳሁ ብለህ ምርምርህን ነው ያስነሳኸው።

ሽመክት፦ አጋጣሚ ነው! አቧራ ነው! የሳሙና አረፋ ይሆናል!

ሀጅራ፦ ሳሙና አልነካውም፤ ራስህ «በተጣራ ውሃ» ብለሃል። (ሌላ ገጽ እየከፈተች) ይኼ ደግሞ ምንድነው? እንደ ተራራ የሚወጣና የሚወርድ መስመር፤ ሥሩ ፊደል አለው።

ሽመክት፦ ማሽኑ እዚያ ቦታ ላይ የትኛው ንጥረ ነገር እንዳለ የሚናገርበት ነው። ሲረዝም ብዙ አለ ማለት ነው። አባሪ ላይ ጥዬዋለሁ፤ ማንም አያነበውም።

ሀጅራ፦ አንተም ጭምር። የአበባ ጎመኑ ላይ የረዘሙት እነማን ናቸው?

ሽመክት፦ (ተጠግቶ፣ እያቅማማ) ከብረቱ ከራሱ ቀጥሎ... ካልሲየም። ፎስፎረስ።

ሀጅራ፦ የኩቦቹ ላይስ?

ሽመክት፦ እሱ... ሶዲየም። ክሎሪን።

ሀጅራ፦ ካልሲየሙ የታለ?

ሽመክት፦ አለ እኮ! እዚህ ጋ... (ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ) ይቺ።

ሀጅራ፦ ይቺማ የዝንብ ኩስ ናት። (በጨርቅ ጠረግ ታደርገዋለች) አልጠፋችም፤ እሺ፣ ካልሲየም ናት ልበልልህ። አሁን ስማኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነው የወጣሁ። ሶዲየምና ክሎሪን ተጋብተው ማንን ይወልዳሉ?

(ሽመክት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ፎቶዎች ጠርዝ ለጠርዝ ያስተካክላል።)

ሀጅራ፦ ልርዳህ? አሰፋች ሱቅ በኪሎ አለ።

ሽመክት፦ (ድምፁ ጠፍቶ) ጨው።

ሀጅራ፦ ጨው! አዮዲን ያለው ይሁን የሌለው ማሽኑ አልነገረህም?

(ሽመክት ወንበር ይፈልጋል። ወንበር ስለሌለ የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ ይላል።)

ሀጅራ፦ አራት ወር ወረፋ! አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ! በአልጋ ወጪ ላይ አልጋ ወጪ! ይኼ ሁሉ ሆኖ ጨው ወርቅ ቀብተህ ፎቶ አስነሳህ። ጨው ከተፈጠረ እንደዚህ ተከብሮ አያውቅም። አሰፋች ብትሰማ ዋጋ ትጨምራለች።

ሽመክት፦ ባርኮት...

ሀጅራ፦ ባርኮት ደግሞ ማናት?

ሽመክት፦ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ልጅ። ብረቶቹን ስሰጣት «በደንብ ታጥበዋል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ሀጅራ፦ አንተስ?

ሽመክት፦ «እኅቴ፣ ያንቺ ሥራ ፎቶ ማንሳት ነው» አልኳት።

ሀጅራ፦ ኧረ እሷ ሙያዋን አክብራለች! ፈገግ በል አላለችህም እንጂ።

(ሽመክት ሰዓቱን ያያል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ካርቶኑ ላይ እንዳለ ራሱን ይይዛል።)

ሽመክት፦ አለቀልኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረኝ። (ትንሽ አስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ሀጅሬ... የኔ እኅት... እንዲሁ ብናስገባውስ? ማን ያውቃል? ዶክተር ፈርመዋል። ፈታኞቹም ያው ኅዳግና ገጽ ቁጥር ነው የሚያዩት።

ሀጅራ፦ ፈታኞችህ እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ?

ሽመክት፦ ገና አልተገለጸም።

ሀጅራ፦ ላንተ አልተገለጸም። የፈታኞቹን መመደቢያ ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። አንደኛው ከሀዋሳ የሚመጣ ነው። ሁለተኛዋ እዚሁ አስተማሪ ሆና የቀረች ልጅ ናት። ኤልቤቴል።

ሽመክት፦ (በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ) በማርያም!

ሀጅራ፦ እሷ ፊት ቆመህ «ተፈጥሮ በማስመሪያ ስትሠራ» ስትል እኔ መግቢያ ከፍዬ ነው የምገባው። ወላሂ!

ሽመክት፦ ሞቻለሁ እኮ! ሳቂብኝ! አራት ብረት፣ አንድ ዓመት፣ ሦስቱ ጨው!

ሀጅራ፦ ሦስቱ ጨው። አራተኛውስ?

ሽመክት፦ አራተኛው ምን?

ሀጅራ፦ ሆ! ሰውዬ፣ ግድግዳው እኔ ነበርኩ አይደል? አራቱ ብረቶች አንድ ናቸው። ፈሳሹ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ። ሦስቱ ሳይታጠቡ ደረቁ፣ ጨው ታየ። አንዱ ታጥቦ ደረቀ፣ አበባ ጎመኑ ታየ። ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋ! አሪቻም አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ የሚያሳዩት እንደዚህ ነው፤ ያልታጠበውን በቀኝ እጅ፣ የታጠበውን በግራ እጅ። ከዚያ ምንም አይነግሩትም፤ ራሱ ያፍራል።

(ሽመክት ቀስ ብሎ ይነሳል። ፎቶዎቹን አንስቶ ከስክሪኑ አጠገብ ያደርጋቸዋል። ያያል። እንደገና ያያል። ፊቱ ይበራል፤ ደረቱም ይመለሳል።)

ሽመክት፦ ቆይ! ቆይ! እንደዚህ እንበለው፦ «አጥኚው የማጠብን አስፈላጊነት ለመፈተሽ ሆን ብሎ ሦስቱን ሳያጥብ፣ አንዱን ግን አጥቦ...»

ሀጅራ፦ ሆን ብሎ!

ሽመክት፦ ምን አለበት? ሳይንስ እንደዚህ ነው የሚጻፈው።

ሀጅራ፦ ሆን ብሎ ያጠበለትን ሰው የክስ ደብዳቤ በቦርሳ ይዞ ይዞራል? ደብዳቤውን ወዲህ በላት።

ሽመክት፦ ለምን?

ሀጅራ፦ ለሙከራ የማትምበት ወረቀት አልቆብኛል። ጀርባዋ ንጹሕ ነው።

(ሽመክት ወደ በሩ ያያል፤ ወደ ሰዓቱ ያያል። ደብዳቤውን አውጥቶ ይሰጣታል። ሀጅራ ገልብጣ ማተሚያው ውስጥ ትከተዋለች።)

ሀጅራ፦ በል፣ አንተ ካርቶኑ ላይ ሆነህ የእንግሊዝኛውን ምዕራፍ በእጅህ አስተካክል፤ እሱን ቀጥዬ እተይበዋለሁ። አማርኛውን ለኔ ተውልኝ። (ጣቶቿን አፍታታ መተየብ ትጀምራለች፣ የምትጽፈውን ጮክ ብላ እያነበበች) «አራት ብረቶች ደም በመሰለ ውሃ ውስጥ ሃያ ስምንት ቀን ሰነበቱ። ሦስቱ ሳይታጠቡ ደረቁ። ቡና ሳይታጠብ ቢሰጣ ምን እንደሚሆን የጌዴኦ ገበሬ ያውቀዋል። በሦስቱ ላይ የታየው ጨው ነው።»

ሽመክት፦ (ከካርቶኑ ላይ) ...ይኼስ ጥሩ ነው። ይገባል።

ሀጅራ፦ «አራተኛው ብረት ታጥቦ በመድረቁ ጨው ለቆለት፣ የበቀለበት የአጥንት ማዕድን ታየ። የራሱ የሆነውን ውሃ አልወሰደበትም።»

ሽመክት፦ እንዲያውም ቆንጆ ነው! በዚሁ ዝጊው።

ሀጅራ፦ «ብረቱን ያጠበው አቶ ገመቹ ነው።»

ሽመክት፦ «የላብራቶሪው ባልደረባ» በይው። ስም መጥራት አያስፈልግም።

ሀጅራ፦ አቶ ገመቹ። «ያጠበውም አጥኚው ምሳ በሄደበት ሰዓት ነው።»

ሽመክት፦ ምሳው ለገበሬው ምን ያደርግለታል?

ሀጅራ፦ ገበሬ ምሳ ምን እንደሆነ ያውቃል። «አጥኚው ከምሳ ሲመለስ ምስጋና አላቀረበም። ጮኸ።»

ሽመክት፦ ሀጅራ!

ሀጅራ፦ «ጩኸቱ እስከ መዝገብ ቤት ተሰምቷል።» ለዚህ ምስክር አለኝ፤ ሁለት ሰው።

ሽመክት፦ (ብዕሩን ጥሎ እየተነሳ) እሺ ገብቶኛል! «ሆን ብሎ» የሚለውን ትቼዋለሁ! በቃ!

ሀጅራ፦ «አጥኚው ማዕድኑ ጨው መሆኑን የተረዳው ዛሬ፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል...»

ሽመክት፦ አቁሚ! ጣትሽን አንሺ!

ሀጅራ፦ (ሳታቆም) «ሲረዳም ካርቶን ላይ ተቀመጠ።»

ሽመክት፦ (ኪቦርዱን በሁለት እጁ ሸፍኖ) አትጻፊ! በፈጠረሽ! ገመቹን ራሴ ሄጄ፣ ሰው ፊት፣ ጉልበቱን ይዤ ይቅርታ እለዋለሁ! አንቺ ብቻ አትጻፊ!